ለአንድ ሰው የተጻፈች ካርድ

ካርዷን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኳት። መዳፍ የምታክል ወረቀት ናት። እኛ መጻሕፍት መደብር የምንሠራ ሰዎች አንብበን የወደድነው መጽሐፍ ሲኖር ሁለት ሦስት መስመር በእጃችን ጽፈን ክምሩ ላይ እንሰካለን፤ ደንበኛው እሷን አይቶ ይገዛል ወይም ያልፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ስጽፍ ኖሬያለሁ። ለምግብ መጽሐፍ ጽፌያለሁ፣ ለፍቅር ልብ ወለድ ጽፌያለሁ፣ አንዴማ ስለ ድንች በሽታ ለሚያወራ መጽሐፍ ጽፌ ሰባት ቅጂ ተሽጦልኛል። አንዷንም ደግሜ ጽፌ አላውቅም ነበር። በዚያ የኅዳር ማለዳ ግን እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ መደርደሪያ እወለውላለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። የብዕሩን ክዳን አኝኬ ጨረስኩት።

መጽሐፉ «ገለባ ነዋሪዎች» ይባላል። የጻፈው ጡረታ የወጣ የከብት ሐኪም ነው። ሰው እየሸሻት ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። አለቃዋ የነዋሪው ቁጥር ከወረደ ወንበሩ እንደሚቀርበት ሲገባው፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ የቆሙትን ከገለባ የተሠሩ የወፍ ማስፈራሪያዎች በነዋሪነት ይመዘግባቸዋል። መጀመሪያ አሥር፣ ቀጥሎ መቶ፣ ከዚያ ሦስት ሺህ። ስም ያወጣላቸዋል፣ የልደት ቀን ይሰጣቸዋል፣ በምርጫም ያሳትፋቸዋል። እነሱ ደግሞ አውቶቡስ አይሉ፣ ትምህርት ቤት አይሉ፣ ምንም አይጠይቁም። መጨረሻ ላይ አለቃው በሕይወት የቀሩትን ሰዎች ሰብስቦ «ከጎናችሁ ያለው ዝም ብሎ ቆሞ፣ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው የምትወራጩት?» ይላቸዋል። ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ አነበብኩት። ሳነብ አድሬ ስጨርስ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

እኛ የምንኖረው ኡሺሆ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነዋ! ከንቲባችን ማጋራ ከሦስት ዓመት በፊት «ወዳጅ ነዋሪ» የሚባል ነገር አመጡልን። ቶኪዮ ተቀምጦ ስልኩን አንዴ የነካ፣ ዓሣችንን አንዴ የበላ፣ በበጋ መጥቶ አንዴ የዋኘ ሁሉ የኡሺሆ ወዳጅ ነዋሪ ተብሎ ይመዘገባል። በመዝገብ ሠላሳ አንድ ሺህ ደርሰናል። በእግሩ የሚሄደውን ቁጠሩ ካላችሁኝ ዘጠኝ ሺህ አንሞላም። ተራራው ላይ ያለችው የኮዳኪ መንደር ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ልጅ ብቻ ስለቀራት ሚያዝያ ላይ ልትዘጋ ነው፤ አውቶቡሷም በሳምንት ሁለቴ ብቻ ልትሆን ነው። የከተማው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ግን ሦስት ፎቅ የሚያህል ጨርቅ ተሰቅሏል፤ «እያደግን ነው!» ይላል።

ያን «እያደግን ነው» የጻፈው ወንድሜ ቴፔይ ነው። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

እናታችን ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ስምንት። አሳደግኩት። ዛሬ አርባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰው ነው፤ በጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ክፍል ተቀምጦ የከንቲባውን ንግግርና በየወሩ በየቤቱ የሚታደለውን መጽሔት ይጽፋል። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። መጽሔቱ በየወሩ በሬ ላይ ሲወድቅ ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ አነበዋለሁ፤ አንብቤ ስጨርስ ድስት አነሳለሁ፣ ድስት አስቀምጣለሁ። ወንድሜ ውሸታም ሆኖብኝ ነበር። ይህን በአፌ ልለው ስንቴ ተነስቼ ስንቴ በሩ ላይ ተመለስኩ! የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን መጽሐፍ አንብቦ እንዲደነግጥ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ወንድሜን ፈርቼ ለከተማው ልነግር ተነሳሁ።

አምስተኛዋን ካርድ አልቀደድኳትም። «ስቄ ጨረስኩት። ከዚያ መስኮቴን ከፈትኩ። እባክዎ፣ ከመጪው ወር ስብሰባ በፊት ያንብቡት» ትላለች።

የመደብሩ ባለቤት ጋሼ ኢሶጋይ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ይውላሉ። ካርዷን ሲያዩ ግን ፍለጋ አላስፈለጋቸውም።

«ሱሚኤ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ካርድ ናት።»

«ካርድ መሆኗንማ አየሁ። የትኛው ስብሰባ ነው?»

«መጪው ወር ስንት ስብሰባ አለ ጋሼ?»

«አንድ። ስለ ትምህርት ቤቱ ከንቲባው የጠሩት።»

«እንግዲያው እሱ ነው።»

ካርዷን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው እንደገና አነበቧት። «የሰውየውን ስም አልጻፍሽም።»

«አልጻፍኩም።»

«ብትጽፊው ይሻል ነበር። አሁን እኮ ግንባራቸው ላይ ለጠፍሽላቸው! ደሞ ሰውየው ደንበኛችን ናቸው።»

«መቼ ነው መጽሐፍ የገዙት?»

«የቀን መቁጠሪያ ይገዛሉ» አሉ ጋሼ ኢሶጋይ፣ ቅር ብሏቸው። «በይ ቢያንስ ዝቅ አድርጊያት። እስከ ጉልበት። ጎንበስ ያለ ያያታል፣ ያላለ አያያትም፤ እኛም አላየንም።»

ክምሩን ከነካርዷ ጉልበት ድረስ አወረድኩት። እሳቸው ይቀንሳል ብለው ነበር፤ ባሰበት። ሰው የተደበቀ ነገር ይወዳል። ጎንበስ ብሎ ያነበበ ደግሞ ባዶ እጁን ቀና ማለት ያፍራል መሰለኝ፣ አንዱን ይዞ ይነሳል። ኡሺሆ ውስጥ አንድ ልብ ወለድ በዓመት አራት ቅጂ ከተሸጠ ጉድ ነው። «ገለባ ነዋሪዎች» በአራት ሳምንት መቶ አርባ ሦስት ተሸጠ።

ታዲያ ማንም ለማንም አልተናገረም። እኛ ዘንድ ሒሳብ ሲከፈል «ሽፋን ላድርግልዎት?» ብሎ መጠየቅ ደንብ ነው፤ ደንበኛው ከፈለገ መጽሐፉን በመደብሩ ወረቀት አልብሰን እንሰጣለን። የኛ ወረቀት የአሸዋ ቀለም ያለው፣ አንዲት የባሕር ወፍ የተሣለችበት ነው። ከለበሰ በኋላ የጸሎት መጽሐፍ ይሁን የባለጌ መጽሐፍ ከጎን የተቀመጠ አያውቅም። በደህናው ጊዜ ከሁለት ሰው አንዱ ነው ሽፋን የሚለው። ለዚህ መጽሐፍ ግን መቶ አርባ ሦስቱም አሉ። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ወደ በሩ እየዞረች፣ የጽሕፈት ቤቱ ሒሳብ ሹም ጭራሽ «ለእህቴ ነው» ብሎ። በአውቶቡስ ስሄድ አራት አምስት ሰው ያችን ወፍ ይዞ አያለሁ፤ አንዱ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ከንፈሩን ነክሷል፤ ሁሉም እኔ ብቻ ነኝ ያነበብኩት ብሎ ያስባል። እኔ ብቻ ሁሉንም አውቃለሁ። የነፍስ አባት ሆኜ ቁጭ አልኩ። ለማን ልንገር?

ያልገዛው አንድ ሰው ቢኖር ወንድሜ ነው።

ቴፔይ ሐሙስ ሐሙስ የመሥሪያ ቤቱን መጽሔቶች ሊወስድ ይመጣል። ክምሩ ገንዘብ መቀበያው ፊት፣ እኔ ፊት ነው ያለው፤ ጉልበቱ እየነካው ይቆማል፣ ዓይኑ ግን ከላይ ከላይ ይሄዳል። ስብሰባው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዝናብ የመታው መስሎ መጣ።

«እትዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«አለሁ። ምነው ከሳህ?»

«ንግግሩ ነው። ከንቲባው ስድስቴ አስቀየሩኝ። 'ልብ የሚነካ ነገር ይጎድለዋል' ይሉኛል። ልብ ከየት ላምጣላቸው?»

«ካንተ ልብ ነዋ።»

«እሱማ ድሮ በወዳጅ ነዋሪነት ተመዝግቦ አለቀ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም። «ያዘዙት መጽሐፍ መጣ? የናሙና ንግግሮች ስብስብ የሚለው።»

ጠዋት ደርሷል። ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። «ሽፋን ላድርግልህ?» አልኩት።

«አድርጊበት በናትሽ! ከንቲባው ከመጽሐፍ ነው የሚናገሩት እንዳይባል።»

ጀርባዬን ሰጠሁት። የንግግሩ መጽሐፍና «ገለባ ነዋሪዎች» በቁመትም በውፍረትም እኩል ናቸው። ይህን ቀድሜ አላሰብኩም፤ እጄ ነው ያሰበው። ወረቀቱን ዘረጋሁ፣ ልብ ወለዱን አለበስኩት፣ የንግግሩን መጽሐፍ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ተመልሶ ከመጣ «ውይ፣ ሁለቱንም አልብሼ ተምታታብኝ» እላለሁ። በዓመት አንዴ ሁለቴ እውነትም ይደርስብናል፤ ማንም መጻሕፍት ሻጭ በዚህ አይቀየምም። ወንድሜ ኮቱ ውስጥ ከቶት ወጣ።

ዓርብ አልተመለሰም። ቅዳሜም። እሑድ በዝንጅብል የተቀቀለ ዓሣ በድስት አድርጌ በሩ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ሰኞ ድስቷ ታጥባ፣ ሦስት መንደሪን ገብቶባት ተመለሰች። ወረቀት ይኖር ይሆን ብዬ መንደሪኖቹን አነሳሁ፤ የለም። ማታ ማታ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ይስቅ እንደሆን አዳምጣለሁ። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ! ያነበበው መሰለኝና ተደሰትኩ፤ ቀጥሎ ተቀየመኝ ብዬ ፈራሁ፤ ቀጥሎ ከነጭራሹ አልከፈተውም ብዬ ተናደድኩ። ጋሼ ኢሶጋይ «ምን ሆነሽ ነው? አንድ መደርደሪያ ሦስቴ ወለወልሽው፣ ወፏ ከወረቀቱ ልትበር ነው» ይሉኛል።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት በከተማው ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነበር። ጫማችንን በላስቲክ ከረጢት ይዘን፣ በካልሲ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተንሸራተን ተቀመጥን። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ወንድሜ ድምፅ ማጉያ ይዞ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ጥያቄ ላለው ሰው እያመጣ መስጠት የሱ ሥራ ነው። አየሁት፤ አላየኝም።

ከንቲባ ማጋራ ደልደል ያሉ፣ ፊታቸው የሚያበራ ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም፤ ልንገራችሁ፣ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ስለ ሠላሳ አንድ ሺህ ወዳጆቻችን አወሩ፣ ስለ አድማስ አወሩ፣ ስለ ኮዳኪ ሲደርሱ ድምፃቸውን አለሰለሱ። ከዚያ ገጹን ገለበጡና ደረታቸውን ነፍተው እንዲህ አሉ፦

«ሰው ይሄዳል። ሰው ያረጃል። ሰው ያማርራል። ስም ግን አይሄድም፣ ስም አያረጅም፣ ስም አያማርርም! ከተማ የሚቆመው በስም ነው!»

አወቅኩት። የመጽሐፉ አለቃ ሦስት ሺህ ገለባ ፊት ቆሞ የሚናገረው ነው፤ ቃል በቃል።

ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ከወዲህ ሌላ ሰው መሀረቡን አፉ ላይ አደረገ። ቶፉ ሻጩ ዞር ብሎ የጥርስ ሐኪሙን ሚስት አያት፤ እሷም አየችው። «አንተም?» «አንቺም?» የሚል ዓይን ከወንበር ወንበር ሲዘል ተቀምጬ አየሁ። አራት ሳምንት ሙሉ ለየብቻ በወረቀት ተጠቅልሎ የቆየ ሳቅ አንድ ላይ ወጣ። አዳራሹ ተናወጠ። «ለእህቴ ነው» ያለው ሒሳብ ሹም እንባውን ይጠርግ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል? ከንቲባው ሰው ልቡ የተነካ፣ ደስታው የገነፈለ መሰላቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ያንኑ ቃል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከመጀመሪያው ደገሙት!

እኔም እየሳቅሁ ነበር። አልዋሽም፣ የሕይወቴ ትልቁ ደስታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ሥር ያለውን ሰው አየሁ። ፊቱ ኖራ መስሏል። ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል። ሰው ሁሉ የሚስቀው በማን ጽሑፍ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከንቲባው ዛሬ ባይገባቸው ነገ የሚነግራቸው አይጠፋም፤ ነገ የሚጠሩት ማንን ነው? መድኃኒት ብዬ ያዘጋጀሁትን መርዝ አድርጌ ወንድሜን አጠጣሁት። አፌን በመዳፌ ከደንኩ።

ሳቁ በረድ ሲል መሀል ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሱ። የኮዳኪዋ ሃትሱኖ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ቴፔይ ጎንበስ ብሎ ሄዶ አጠገባቸው በጉልበቱ ተንበረከከና ማጉያውን ሰጣቸው።

«እኔ መጽሐፍም ጋዜጣም አላይም» አሉ ሃትሱኖ። «ሰው ለምን እንደሳቀ ንገሩኝና አብሬ ልሳቅ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ ትንሽ ብስቅ ደስ ይለኝ ነበር።»

መቶ አርባ ሦስት ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እኔም ካልሲዬን አየሁ፤ ምን ልበል፣ እኔም ካልሲዬን ነው ያየሁት።

«እናቴ፣ ሰው ደስ ብሎት ነው» አሉ ከንቲባው ከመድረክ።

«በምኑ?»

ያን ጊዜ ወንድሜ ማጉያውን ከአሮጊቷ እጅ ቀስ አድርጎ ተቀበለ። ከጉልበቱ አልተነሳም።

«እናቴ፣ የሳቁት በኔ ነው» አለ። «አሁን የተነበበው ቃል ከልብ ወለድ የተወሰደ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የሚነገረው ለወፍ ማስፈራሪያ ነው። ከንቲባው አያውቁም፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው ያስገባሁት። ሠላሳ አንድ ሺህ የሚባለውም ስልካቸውን የነኩ ሰዎች ቁጥር ነው። 'እያደግን ነው' ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላደግንም። ኮዳኪ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች አሉ፤ ስማቸውን ሁሉ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ሰገደ። የሳቀ የለም። ከንቲባው ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። አስተባባሪው ሰዓት ስላለቀ ስብሰባው ተዘግቷል አለ፤ ሰዓቱ ግን አላለቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባሳጥረው ይሻላል። ትምህርት ቤቷን ለመዝጋት ምክር ቤቱ እጁን አወጣ፤ ከእጆቹ መሀል ሽፋን ያደረግኩላቸውን ሰባት ቆጠርኩ። ትልቁ ጨርቅ አንድ ማለዳ ተነስቶ ተገኘ፤ ማን እንዳነሳው የሚያውቅ የለም። ከጽሕፈት ቤቱ ማንም ሰው አይባረርም፤ መጋቢት ሊያልቅ ሲል የዝውውር ዝርዝር ይወጣል፣ በቃ። የቴፔይ ስም መጨረሻ መስመር ላይ ነበር፤ ኮዳኪ ቅርንጫፍ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የጋዝ ምድጃ። ሦስት ወር ሙሉ አላነጋገረኝም። ዓሣ ሠርቼ ባስቀምጥለት ድስቷ ባዶዋን ትመለሳለች። ልሂድ? ምን ልበል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ እኮ ከአፌ ምንም አላወጣሁም! የበረዶውን ወራት እንዲህ እየተቁነጠነጥኩ አሳለፍኩት።

የመጋቢት የመጨረሻው ሐሙስ መጣ። ጋሼ ኢሶጋይ እንዳዩት መነጽራቸውን የሚፈልጉ መስለው ወደ ጓዳ ገቡ። ቴፔይ ኮቱን ሳያወልቅ ቆመ።

«ነገ እሄዳለሁ» አለ። «በረዶው እስኪቀልጥ እዚያው ነው የማድረው።»

«ብርድ ልብስ አለህ?»

«አለኝ።»

«ወፍራሙ?»

«እትዬ፣ ስለ ብርድ ልብስ ልናወራ ነው?»

የሚጠቀለል መጽሐፍ አልነበረም፤ ግን ወረቀት አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

«መጽሐፉን አውቀሽ ነው የለወጥሽው» አለ።

«አውቄ ነው።»

«በዚያው ቀን አነበብኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ስመለስ ከንቲባው ቆመው መሀሉን ከፍተው ያነባሉ። ሽፋን አለው፤ ምን እንደሆነ በምን ይወቁት? የንግግሩ መጽሐፍ መስሏቸዋል። 'ይኸውልህ!' አሉኝ። 'ስንት ቀን ሙሉ ልለው የፈለግኩት ይህን ነው፣ አስገባልኝ!' ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ እውነቴን ነው። 'ጌታዬ፣ ይሄ ቀልድ ነው' ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነች። አላልኩም። ቁጭ ብዬ ተየብኩት።»

«ፈርተህ ነው።»

«ፈርቼም ነው። ተናድጄም ነው። ሰው ይስቅባቸው፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬም ነው። ሃትሱኖ እስኪጠይቁኝ ድረስ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።» ክምሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ፤ አሁን የአትክልት መጽሐፍ ተቀምጦበታል። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ካርድ ጻፍሽ። መቶ ምናምን ሰው አስነበብሽ። መጽሐፍ ለዋወጥሽ። ይሄ ሁሉ ለኔ ነበር፣ አይደል?»

«ላንተ ነበር።»

«የምኖረው ከግድግዳሽ ማዶ እኮ ነው! ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?»

«ትቆጣለህ ብዬ።»

«እኔ? ልጅ ሆኜ ስንቴ ነው በማማሰያ ያባረርሽኝ? የዋሸሁ ለት እራት ከልክለሽኝ አልነበር?»

«ያኔ ልጄ ነበርክ» አልኩ። «አሁን የከተማው ሰው ሆነሃል። ክራቫት አለህ። ምን ብዬ ልቆጣህ?»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ክራቫት አላሰረም ነበር፤ አሁን ነው ያየሁት። «እሺ፣ አሁን ተቆጪኝ» አለ። «በካርድ አይደለም። በመጽሐፍ አይደለም። አሁን፣ እዚሁ።»

እጄ ያጠፈውን ወረቀት ዘረጋ፣ የዘረጋውን አጠፈ። ሃያ ሁለት ዓመት የሌላ ሰው ቃል ሳሞግስ ኖሬ የራሴን አንድ ቃል ማውጣት ከበደኝ።

«አፈርኩብህ» አልኩት። «ሦስት ዓመት ሙሉ አፍሬብህ ነበር።»

ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም። ትከሻው ወረደ፣ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍስ ተነፈሰ።

«እኔም» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲለኝ ስጠብቅ ነበር። የምትይኝ አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ነበር የጠበቅኩት።»